የጠላ ጠማቂና የጠጪ ፍርድ፦ ከጣሳ እስከ ስልክ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከዋናው አስፋልት ገባ ሲባል በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ደጅ ያጋጥማል። የጠላ ቤት ምልክት ነው። የባለቤቷን ስም አይጠቅስም፤ ስለ ጠላው ጥራትም አንዳች አይናገርም። ይሁን እንጂ የሰፈሩ ሰው በዚህ ሳምንት ጥሩ ጠላ የሚቀዳው በየትኛው ደጅ እንደሆነ፣ ባለፈው ሳምንት የኮመጠጠውም በየትኛው እንደነበር ሳይጠየቅ ይናገራል።

በሌላው ዓለም አነስተኛ ቢራ ጠማቂዎች ደንበኞቻቸው በበይነ መረብ በኮከብ ቁጥር የሚሰጧቸውን አስተያየት ይከታተላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። ጥያቄው ለአዊ ብሔረሰብ አሥተዳደር ዞን ባዕድ አይደለም። በዚህ አካባቢ የአነስተኛ ጠማቂነት ሙያ በእናቶች እጅ ያለና ከየትኛውም ፋብሪካ የቀደመ ነው። ከጋን በሚቀዳ ጠላ የልጆቿን የትምህርት ወጪና የቤት ኪራይ የምትሸፍን እናት በየሰፈሩ አለች። ለእርሷ የጠጪው ፍርድ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ፍርዱን በምን ትሰማዋለች? ሰምታስ ምን ታደርጋለች?

ምስጋናው አይበቃም

በድግስ ቤት ጠላ የሚወቅስ እንግዳ የለም። በማኅበር፣ በዝክር፣ በሠርግም ሆነ በወንፈል ላይ የቀረበለትን የቀመሰ ሁሉ "እጅሽ ይባረክ" ይላል። ይሉኝታ ያለበት ምስጋና ስለ ጠላው የሚነግረው ነገር ትንሽ ነው፤ ጥሩ ጠላም መጥፎ ጠላም እኩል ይመሰገናሉ። ስለዚህ ልምድ ያላት ጠማቂ ጆሮዋን ለቃሉ፣ ዓይኗን ግን ለጣሳው ትሰጣለች። ግማሽ ላይ የቆመ ጣሳ፣ ሁለተኛው ቅጂ ሲመጣ በመዳፍ የሚሸፈን ብርጭቆ፣ ገና ሳይመሽ የሚሰማ "በቃኝ" ለእርሷ ግልጽ ወቀሳ ነው። ጣሳው በራሱ ጊዜ ወደ ቀጂዋ ሲዘረጋ ደግሞ ከምርቃቱ ሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት ያ ነው።

በሚሸጥበት ቤት ነገሩ ትንሽ ይለያል። የከፈለ ሰው ለመናገር ይደፍራል። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ጠጪው ጎረቤት ነው፤ ከጠማቂዋ ጋር በዕድር ይገናኛል፣ በልቅሶም አብሮ ይቀመጣል። "እታለም፣ ዛሬስ ጌሾው በርትቷል" ብሎ በሳቅ የሚወረውራት ቃል ለሰሚው ቀልድ ትመስላለች፤ ለጠማቂዋ ግን ከባድ ፍርድ ናት። ከዚህ የሚከፋው ጨርሶ ያልተነገረው ነው። ጠላ የሚጠጣው በጉባኤ ነውና አንድ ደንበኛ ሲቀር ወንበሩ ብቻ አይጎድልም፤ አብሮት የሚቀመጠው ክብ በሙሉ ወደ ሌላ ደጅ ይሻገራል። ጠማቂዋ ምክንያቱን ለማወቅ ሰው ትጠይቃለች፣ ልጅ ትልካለች፣ ጎረቤት አስቀምሳ ሐሳቧን ትሰማለች።

ቀምሶ የማቅረብ ልማድም ከዚህ ጋር የሚነሳ ነው። በቀደመው ዘመን በመኳንንት ግብር ላይ አሳላፊው ከሚያቀርበው መጠጥ በመዳፉ ጠብ አድርጎ አስቀድሞ ይቀምስ ነበር። ዓላማው መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ማሳየት ነው። ልማዱ በግብር ቤት ቢቀርም የመጀመሪያውን ቅጂ ራሷ የምትቀምስ ባለሙያ ዛሬም አለች፤ ፍርዱ ከጠጪው ከመምጣቱ በፊት ጉድለቱን ለማወቅ ትሻለች።

"ኮመጠጠ"፣ "ቀጠነ"፣ "ገና ነው"

የጠጪ ቃል አጭር ነው። ከአጭሩ ቃል ጀርባ ያለውን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ግን የጠማቂዋ ሙያ ነው። ለዚህም የአጠማመቁን ቅደም ተከተል ማስታወስ ይረዳል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ ከብቅል ዱቄትና ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል። ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ቂጣ እየተቆራረሰ፣ ቀጥሎም ከተቆላ እህል ዱቄት የተዘጋጀ እንኩሮ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ይሞላና አፉ ይታሸጋል። በዚህ ሂደት ውስጥ በብቅሉ ያለው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾ ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደሚፈላው ጋዝ ይቀይረዋል። ለስላሳ ኮምጣጣነት የሚሰጡ ባክቴሪያዎችም አብረው ይሠራሉ።

"ኮመጠጠ" የሚለው ስሞታ ብዙውን ጊዜ የአየር ጉዳይ ነው። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር መሥራት አይችሉም። ጋኑ በደንብ ካልታሸገ፣ ወይም ተከፍቶ ለቀናት እየተቀዳ ግማሹ ባዶ ከሆነ በጠላው ላይ አየር ይቀመጥና ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። ሰኞ የተመሰገነው ጠላ ዓርብ የሚወቀሰውም በዚህ ነው። መፍትሔው ጌሾ መጨመር አይደለም፤ የኮመጠጠውን ምሬት አይሸፍነውም። በአንድ ትልቅ ጋን ፋንታ በሁለት አነስተኛ ዕቃ መጥመቅ፣ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን አለመክፈት የበለጠ ይረዳል።

"ገና ነው" የሚለው ደግሞ ከአየሩ ቅዝቃዜ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዳንግላ በአንጻሩ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች። እርሾ በብርድ ይዘገያል። በመሆኑም በዳንግላ በተወሰኑ ቀናት የሚደርስ ጥንስስ በእንጅባራ፣ ይልቁንም በክረምት፣ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የተዳረች ባለሙያ በእናቷ ቤት ቀን ቆጠራ ብትሄድ ያልደረሰ ጠላ ታወጣለች። ጋኑን ወደ ምድጃው ማስጠጋት የቆየ ብልሃት ነው።

ብዙ የሚያከራክረው "ቀጠነ" ነው። አንዳንድ ጠጪ ጠላው ሲቀጥንበት "ጌሾ አንሷል" ይላል። ይህ በከፊል ስሕተት ነው። የጌሾ ዋና ሥራ ምሬትና ጠረን መስጠት፣ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችንም መግታት ነው፤ የጠላው ጉልበት የሚመጣው ከእህሉ በተገኘው ስኳር ነው። በጠጪው ምክር ተመርታ ጌሾ ብቻ የምታበዛ ጠማቂ መራራ ቀጭን ጠላ ታገኛለች። ስሜቱ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ምክንያት ግን ልክ አይደለም። አስተያየት የሚሰጥ ሰው የቀመሰውን እንጂ የተጠመቀበትን አያውቅም።

ፍርዱ እስከ ማሳ ይወርዳል

ጠላ ሲቀጥን ጥፋቱ ከማድቤት ውጪ ሊሆን ይችላል። ብቅል የሚሆነው የሚበቅል እህል ብቻ ነው። ገብስ ርጥበት ሳይለቀው ከተከመረ፣ በጎተራ ውስጥ ከሞቀ፣ ነቀዝ ከበላው ወይም በውቂያ ከተሰባበረ ሲዘፈዘፍ እኩል አያጎነቁልም። ያላጎነቆለ ፍሬ በቂ ኢንዛይም አይኖረውም፤ ኢንዛይም በሌለበት ስታርቹ ስኳር አይሆንም፤ ስኳር በሌለበትም እርሾ የሚሠራው ነገር ያጣል። በጠላ ቤት "ውኃ ውኃ ይላል" የተባለው ቃል መነሻው ካለፈው መኸር አከማቸት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለገበያ ብቅል የሚያወጣ ወይም ገብስ የሚሸጥ አርሶ አደር ከመሸጡ በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለሦስት ቀን ማቆየት ይችላል። አብዛኛው ካላጎነቆለ እህሉ ለዱቄት እንጂ ለብቅል አይሆንም። ጠማቂዋም ከማታውቀው ነጋዴ ስትገዛ ይህንኑ ብታደርግ ከአንድ ጋን ኪሳራ ትድናለች።

በዞኑ ቆላማና ወይና ደጋማ አካባቢዎች የሚመረተው ዳጉሳ በዚህ ረገድ የራሱ ብልጫ አለው። ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ለረጅም ጊዜም ሳይበላሽ ይቀመጣል። የዳጉሳ ብቅል ጥሩ የሚሆነውም በከፊል ለዚህ ነው። ገብስ የለመደው የደጋ ጠጪ የዳጉሳውን ጠላ ቢተች፣ የዳጉሳ ሰው ደግሞ የገብሱን ቢነቅፍ ግን ጉዳዩ የጥራት አይደለም፤ የልማድ ነው። ብልህ ጠማቂ እንዲህ ያለውን አስተያየት ሰምታ ታልፋለች።

ቢራ ፋብሪካም ለአርሶ አደሩ ፍርድ ይልካል፤ አላላኩ ግን በመሣሪያ ነው። የብቅል ገብስ የፕሮቲን መጠኑ ከፍ ካለ፣ ፍሬው ከሳሳ ወይም የመብቀል ኃይሉ ከቀነሰ በላቦራቶሪ ተለክቶ ይመለሳል ወይም ዋጋው ይወርዳል። ዘግይቶ የተጨመረ ዩሪያ ፕሮቲኑን ከሚያንሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። የፋብሪካው ፍርድ በቁጥር ይመጣል፤ የጠላ ቤቱ ፍርድ በሰው ምላስ ይመጣል። የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ማሳ ነው።

ምላስ የማይደርስበት

የጠጪ ፍርድ ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። እንዲያውም እጅግ አደገኛ የሆኑት ጉድለቶች ጣዕም የላቸውም።

የመጀመሪያው ሻጋታ ነው። የሻገተ በቆሎ ወይም ሌላ እህል በርካሽ ይገኛል፤ ሲቆላና ሲፈጭ ደግሞ ሽታው ይጠፋል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ግን በመቆላትም ሆነ በመፍላት ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም መንሥኤ ነው። ጠጪው "ጥሩ ጠላ ነው" ብሎ እየመሰከረ ሊጠጣው ይችላል። ጉዳቱ በሰው ብቻ አይቆምም። የጠላ አተላ ከብት ለሚያደልብና ላም ለሚያልብ አርሶ አደር ተፈላጊ መኖ ነው፤ መርዙ ያለበት መኖ የበላች ላም ደግሞ የመርዙን ከፊል በወተቷ ታሳልፋለች። የሻገተን እህል ከብቅልም ከእንኩሮም ማራቅ ስለዚህ ለደንበኛ ሳይሆን ለራስ ቤተሰብም ጭምር የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው አረቄን ይመለከታል። ከኢንዱስትሪ የሚወጣ ሜታኖል በተራው አልኮል ላይ ቢቀላቀል በጣዕምም በሽታም በቀላሉ አይለይም። ዓይን ያጠፋል፤ ይገድላልም። በየአገሩ በተደጋጋሚ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሞተበት አደጋ በዚህ ዓይነት ቅልቅል የደረሰ ነው። ጠጪው ከጠጣ በኋላ ዓይኑ ከደበዘዘበት ወይም ትንፋሽ ካጠረው "ስካር ነው" ብሎ መተኛት የለበትም፤ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል። እዚህ ላይ የአስተያየት ጥያቄ የለም። ምንጩ ያልታወቀ አልኮል ገዝቶ አረቄ ማብዛት ወንጀል ነው።

የማይነገረው ዋጋ

ጠማቂዋ አስተያየቱን ሰምታ ምንም ሳትለውጥ የምትቀርበት ጊዜም አለ። ከውጭ ሲያዩት ንቀት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ከጀርባው የእህል ዋጋ አለ። የጣሳ ዋጋ በሰፈር የተለመደ ነው፤ አንዷ ብቻዋን ብትጨምር ደንበኛዋ ይሸሻታል። የገብስና የጌሾ፣ የማገዶና የወፍጮ ዋጋ ሲንር ደግሞ የምትቀንሰው ከእህሉ ነው፤ ጋኑ ያው ሆኖ ውኃው ይበዛል። ጠጪው መቅጠኑን ያያል፤ ምክንያቱን አይጠይቅም። በጥር ወር ይህ ነገር ይጎላል። ጥምቀት፣ ሠርግና ጥር 23 በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል በተከታታይ ስለሚመጡ የጠላ ፈላጊው ይበዛል፤ ጥንስሱም በጥድፊያ ይነሳል። የፈረሰኞች ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተና ከሩቅም ከቅርብም እንግዳ የሚስብ በመሆኑ በዚያ ሰሞን የሚቀዳው ጠላ ብዙ ጊዜ ዳግመኛ በማይመለስ ሰው አፍ ይገባል። ያ ሰው ቅር ቢለው ለማን ይናገራል?

የመንገዱ ነገርም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ከተሞች በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል ባለው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጡ ናቸው። ሾፌርና መንገደኛ ጠጥቶ ያልፋል። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀውን የትኛው ደጅ ጥሩ እንደሆነ እርሱ አያውቅም፤ ቅሬታውም አብሮት ይሄዳል። በበይነ መረብ የሚሰጥ አስተያየት በሌላው ዓለም የተወለደው ከእንዲህ ያለው ክፍተት ነው፤ እንግዳ ለእንግዳ የሚነግርበት መንገድ ሲታጣ።

ኮከብ ሲበዛ

በውጭ አገር የሆነው ትምህርት አለው። ሬትቢር የተባለው የቢራ መመዘኛ ድረ ገጽ በ2000 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ አንታፕድ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ደግሞ በ2010 ተከተለው። ጠጪዎች የቀመሱትን ቢራ ነጥብ ይሰጡታል፤ የሁሉም አማካይ ለዓለም ይታያል።

በ2005 የሬትቢር ተጠቃሚዎች በቤልጅየም በቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም መነኮሳት የሚጠመቀውን ቬስትፍሌተረን 12 የተባለውን ቢራ ከዓለም አንደኛ አሉት። ገዳሙ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚጠምቅ ቢሆንም እንዲህ ያለ ጎርፍ አላየም ነበር። ከየአገሩ ሰው መኪናውን እያስከተለ በደጁ ተሰለፈ። መነኮሳቱ ምርቱን አላሳደጉም። የሚጠምቁት ለኑሯቸው በሚበቃ መጠን ነበርና በዚያው ጸኑ፤ ገዢዎች በስልክ ተራ እንዲይዙ አደረጉ፣ የአንድ ሰው ድርሻም ወሰኑ። በ2019 ደግሞ ሽያጩን ወደ በይነ መረብ አዛወሩት። ምስጋናን ሰምቶ እንደነበሩ መኖር ይቻላል ማለት ነው። አንድ ጋን ያላት የእንጅባራ ጠማቂ ድንገት ስሟ ቢገን የሚገጥማት ፈተናም ይኸው ነው፦ ጋን ትጨምር ወይስ ውኃ?

ሌሎች ጠማቂዎች ግን ነጥቡን እጅግ አጥብቀው ይከታተላሉ። በዓለም ትልቁ የቢራ ኩባንያ ኤቢ ኢንቤቭ በሬትቢር ላይ ድርሻ መግዛቱ በ2017 ሲታወቅ የአሜሪካው ዶግፊሽ ኼድ ቢራዎቹ ከድረ ገጹ እንዲወጡ ጠየቀ። ተወዳዳሪ የዳኛው ባለቤት ሲሆን ፍርዱ አይታመንም የሚል መከራከሪያ ነበረው። አስተያየቱን ከቁም ነገር ባይቆጥረው ኖሮ ይህን ያህል አይቆጣም ነበር። ድረ ገጹ በ2019 ሙሉ በሙሉ በኩባንያው እጅ ገባ፤ በ2025 ደግሞ ተዘጋ። ለሃያ አምስት ዓመት የተጻፈ ፍርድ ባለቤቱ በሩን ሲቆልፍ አብሮ ተቆለፈ። የሰፈር ወሬ ይህ አደጋ የለበትም።

የነጥቡ ሌላ ጠባይም አለ። በእነዚህ መመዘኛዎች ላይ አልኮላቸው የበረታና እምብዛም የማይገኙ ቢራዎች ከፍተኛ ነጥብ ያገኛሉ፤ ሰው በየቀኑ የሚጠጣው ቀላል ቢራ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ከጠጪው ሁሉ የተለየ ብርቅ ፈላጊ መሆኑ ነው። በጠላ ቤትም ድምፁ የሚጎላው ብርቱ መጠጥ የሚሻው ነው። ከእርሻ ተመልሶ ጥሙን የሚቆርጥበት ለስላሳ ጠላ የሚፈልገው፣ ቅራሪ የሚበቃው ጠጪ ዝም ይላል። የጮኸውን ብቻ ሰምታ የምታበረታ ጠማቂ ዝምተኞቹን ታጣለች።

ሐሰተኛ አስተያየትም የስልክ ፈጠራ አይደለም። "በጠላዋ እንትን ትጨምራለች" የምትል አንዲት ቃል በገበያ ቀን ከተለቀቀች አንዲትን ቤት ልትዘጋ ትችላለች። ልዩነቱ በሰፈር ውስጥ ተናጋሪው መታወቁ፣ በሽማግሌ ፊት ቀርቦም "ከየት ሰማህ?" መባሉ ነው።

ጋን ከጋን ይለያል

በኮከብ መመዘን ለጠላ የማይመችበት ዋና ምክንያት ከራሱ ከመጠጡ ባሕርይ ይመነጫል። የፋብሪካ ቢራ በተመረጠ እርሾ ስለሚጠመቅ የዛሬው ጠርሙስ ከወር በፊት ከነበረው እምብዛም አይለይም። ጠላ ግን ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከዕቃው በሚመጡ እርሾዎችና ባክቴሪያዎች የሚፈላ ነው። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የተብላሉ ምግቦችና መጠጦች ባሳተሙት ሰፊ የዳሰሳ ጥናት ጠላን፣ ጠጅን፣ ቦርዴንና ሻሜታን ከነማይክሮባዮሎጂያቸው ዘርዝረዋቸዋል፤ አዘገጃጀታቸው እንደየቤቱ የሚለያይ መጠጦች ናቸው። ስለዚህ ለአንድ ጋን የተሰጠ ፍርድ ለሚቀጥለው ጋን አይሠራም። ከዓመት በፊት የተጻፈ "ኮምጣጣ ነው" የሚል ቃል በስልክ ላይ እንደተቀመጠ ቢቀር ጠማቂዋን በማይገባ ይቀጣታል። የሰፈሩ ፍርድ ግን በየሳምንቱ ይታደሳል፤ ያለፈውን ይቅር ይላል።

በአዲስ አበባ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያሉ የባህል ምግብ ቤቶች ስለሚያቀርቡት ምግብና ጠጅ ከጎብኚዎች ብዙ የተጻፈ አስተያየት ይደርሳቸዋል። በቦሌ የሚገኘው ቢራ ጋርደን ኢን ደግሞ ብሎንዲና ኢቦኒ የተባሉ ቢራዎችን በግቢው ጠምቆ በማቅረብ የታወቀ ነው። እነዚህ ቤቶች ደንበኛቸው ከሩቅ ስለሚመጣ የተጻፈው ቃል ይጠቅማቸዋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ በማስታወቂያ ሲናገሩ ኖረዋል፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ ግን ከማስታወቂያው ይልቅ ጠጪው ለጠጪ የሚናገረው ክብደት ጨምሯል። ይኸው አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥንም ይከለክላል፤ ከጠጪ አስተያየት በፊት የሚመጣ ግዴታ ነው።

ጠላው ከደጅ ሲወጣ

በእንጅባራና በዳንግላ ጠላ ከሞላ ጎደል በተጠመቀበት ቤት የሚጠጣ በመሆኑ ጠማቂዋ እስካሁን የተጻፈ አስተያየት አላስፈለጋትም። ጠጪው ፊቷ ነው። ሁኔታው የሚለወጠው መጠጡ በጀሪካን ወይም በጠርሙስ ተሞልቶ ወደ ሆቴል፣ ወደ ድግስ ቤት ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሲጫን ነው። ያን ጊዜ ጣሳው ከዓይኗ ይርቃል። የተጣራ ጠላ በጠርሙስ ሲሸጥ ገና አልኮል ያልሆነ ስኳር ካለበት መፍላቱን ይቀጥላል፤ ክዳኑን ሊፈነቅል ወይም ጠርሙሱን ሊሰብር ይችላል። ባለቤቷ ካልተነገራት አታውቅም።

የርቀቱ ጫፍ ባሕር ማዶ ነው። በአሜሪካ ጠጅ በሕግ የሚታየው እንደ ወይን ነው፤ ጠምቆ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በጠርሙሱ ላይም የአልኮል መጠንን ጨምሮ በሕግ የተዘረዘረው ይጻፋል። ጠማቂው ጠጪውን ፈጽሞ ላያየው ይችላል፤ የሚደርሰው ቃል ከስልክ የሚመጣው ነው።

ጠላዋን ወደ ውጭ የምትልክ የአዊ ጠማቂ ግን ለዚህ ድረ ገጽ መክፈት አይጠበቅባትም። በየጀሪካኑ ላይ የተቀዳበትን ቀንና የጋኑን ቁጥር ብትጽፍ፣ የስልክ ቁጥሯንም ብታክልበት ከሆቴሉ የሚመጣው ስሞታ ፈር ይይዛል። "ጠላሽ ኮመጠጠ" የሚለው ቃል "ማክሰኞ ከሁለተኛው ጋን የተቀዳው ኮመጠጠ" ወደሚል ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛው ጋን መቼ እንደተከፈተ፣ በምን እንደታሸገ፣ ብቅሉ ከማን እንደተገዛ ተመልሶ ማየት ይቻላል። ያልተቀነሰና ያልተጨመረ አስተያየት ለማግኘት ደግሞ "እንዴት ነው?" ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ስንት ጀሪካን ባዶ እንደተመለሰና ስንቱ ከነመጠጡ እንደተመለሰ መቁጠር ይበልጣል።